ታንክ ላይ ጥርስ የበየዱ ወታደሮች፦ ስለ ኖርማንዲው አጥር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ጦር ክፍል ስናወራ ቀድሞ የሚመጣልን ቃል ትእዛዝ ነው። ከላይ ይወርዳል፣ ከታች ይፈጸማል፣ አለቀ። ስለዚህ «በጦር ክፍል ውስጥ የቡድን ሥራና ፈጠራ» ሲባል ብዙ ሰው ፈገግ ይላል። እኔም ፈገግ እል ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1944፣ የአሜሪካ ወታደሮች ጀርመኖች በያዙት ፈረንሳይ ውስጥ ከገበሬ አጥር ጋር የገጠሙት ግብግብ ነው። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ መልሻቸዋለሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ታንክ የሚያቆም አጥር ምን ዓይነት አጥር ነው?

ገጠር የሚያውቅ ሰው የቅንጭብ ወይም የቁልቋል አጥር ያስብ። አሁን ከሥሩ ወገብ የሚደርስ፣ አንዳንዴም ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአፈር ካብ ይጨምርበት። ካቡ ላይ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ለዘመናት ተጠላልፎ በቅሏል። ሥሩ አፈሩን ሰፍቶ ይዞታል። የኖርማንዲ (በሰሜን ፈረንሳይ ያለ የባሕር ዳር አገር ነው) ገበሬዎች ማሳቸውን የለዩት፣ ከብታቸውንና ሰብላቸውን ከባሕር ንፋስ የከለሉት በዚህ ነው። ፈረንሳዮች አገሩን «ቦካዥ» ይሉታል።

ብዛቱን ለመገመት አንድ የአየር ፎቶ ይበቃል። 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ቦታ ላይ ከ3,900 በላይ የታጠሩ ማሳዎች ተቆጥረዋል። አካፍሉት። ለአንዱ ማሳ ግማሽ ሄክታር፣ በእኛ ገበሬ ልኬት ሁለት ጥማድ ገደማ ይደርሰዋል። ጀርመኖች በእያንዳንዱ ማሳ ማዕዘን ላይ መትረየስ ይቀብራሉ። ካቡን ከኋላው ፈልፍለው ይገቡበታል። ሞርታራቸውን ደግሞ አስቀድመው ሜዳው መሐል ላይ አነጣጥረው ያስቀምጣሉ። አንዱን ማሳ በስንት መከራ ስታልፍ ሌላው ይጠብቅሃል። ከእሱም በኋላ ሌላ አለ።

እንዲህ ያለ አገር መሆኑን ቀድመው አያውቁም ነበር?

ካርታም ፎቶም ነበራቸው። ግን ዕቅዱ ሁሉ ያተኮረው ባሕሩን ተሻግሮ ዳርቻው ላይ እግር በመትከል ላይ ነበር። ጁን 6 ቀን 1944 (በእኛ ግንቦት 29 ቀን 1936) ወረዱ። ያንን ቀን ለማለፍ ለወራት ተለማምደዋል። ከዳርቻው በኋላ ላለው አጥር ግን የተለማመደ ክፍል የለም ማለት ይቻላል።

የሚገርመው ነገር አለ። ከወራሪዎቹ አንዱ የነበረው 29ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር የሠለጠነው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ነው። እዚያም ተመሳሳይ የአፈር ካብ አጥር ሞልቷል። በየቀኑ አጠገቡ እያለፉ «ይሄን ነገር ጠላት ቢይዘውስ?» ብሎ ያሰበ ሰው ኖሮም ከሆነ፣ ሐሳቡ ሥልጠና ውስጥ አልገባም።

ታንኩ ለምን ዘሎት አያልፍም? 30 ቶን ብረት አይደል እንዴ?

መውጣቱን ይወጣል። ችግሩ ሲወጣ የሚሆነው ነው። ሸርማን ታንክ ካቡ ላይ ሲንጠላጠል አፍንጫው ወደ ሰማይ ይቀናል። መድፉ ደመና ያያል። ሆዱ ደግሞ ለጠላት ይጋለጣል፤ የታንክ ሆድ ደግሞ ስስ ነው። ማዶ የተኛው ጀርመናዊ በትከሻው የሚተኩሰውን ፀረ ታንክ ይዞ የሚጠብቀው ይህችኑ ቅጽበት ነው።

በበሩ ይግባ ካልን ደግሞ፣ የማሳው በር የት እንደሆነ ጠላትም ያውቃል።

መጀመሪያ ምን ሞከሩ?

ዶዘር የተገጠመለት ታንክ ነበራቸው። አጥሩን ጥሩ አድርጎ ይገፋዋል። ግን በጣም ጥቂት ነበር።

ቀጥሎ ፈንጂ መጣ። ወደ ሴንት ሎ ከተማ ይገፋ የነበረው 29ኛው ክፍለ ጦር ሁለት ክፍሎችን አገናኘ። አንዱ 747ኛው የታንክ ሻለቃ ነው። ሌላው 121ኛው የመሐንዲስ ሻለቃ። መሐንዲሶቹ ካቡ ሥር ፈንጂ ያስቀምጣሉ፣ ይፈነዳል፣ ታንኩ በቀዳዳው ያልፋል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው።

ከዚያ ሒሳቡን አሰቡት። አንድ የታንክ ሻምበል 2.4 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 34 አጥር ያጋጥመዋል። ለዚህ ብቻ 17 ቶን ፈንጂ ያስፈልጋል! ማን ነው የሚሸከመው? ፈንጂውን አፈሩ ውስጥ ቢቀብሩት መጠኑ በጣም ይቀንሳል። ግን በሥር በተሰፋ ካብ ላይ ጉድጓድ መቆፈር ጊዜ ይፈጃል፣ በተኩስ መሐል ደግሞ ያስገድላል።

ታዲያ እንዴት ፈቱት?

እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ክፍል ነው። ሲተረክ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

ታንከኞቹ ከታንኩ ፊት ለፊት ሁለት ጠንካራ ቧንቧ በየዱ። ርዝመታቸው ከአንድ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ታንኩ ሄዶ ካቡን በአፍንጫው ይወጋዋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለት የተጣራ ጉድጓድ ትቶ ማለት ነው። አካፋ የለ፣ ዶማ የለ።

አሁን ተራው የመሐንዲሱ ነው። የ121ኛው አዛዥ ሌተናል ኮሎኔል ሮበርት ፕሎገር ነበሩ። የእሳቸው ሰዎች ዙሪያቸውን ሲያዩ ምን አገኙ? የመድፍ ቀለሃ። የ105 ሚሊ ሜትር መድፍ ተኩሶ የጣለው ባዶ ቀለሃ በየቦታው ተከምሯል። በእያንዳንዱ ቀለሃ ሰባት ኪሎ ገደማ ፈንጂ ጠቅጥቀው፣ ማቀጣጠያውን አዘጋጅተው ቀድመው ያስቀምጡታል። ታንኩ ጉድጓዱን ሲወጋ መሐንዲሱ ሮጦ ቀለሃውን ይሰካና ዞር ይላል። ቱ! ካቡ ይከፈታል።

ልብ በሉ። ቧንቧው የታንከኛው ነው። ቀለሃው የመድፈኛው ውዳቂ ነው። ፈንጂው የመሐንዲሱ። ከሦስቱ አንዱ ብቻውን ቢያስብ ኖሮ ግማሽ መፍትሔ ይዞ ይቀር ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ሁላችንም ትምህርት ቤት ድርሰት ጽፈንበታል፣ እዚህ አልደግመውም። እዚህ ቁም ነገሩ አንዱ የጣለው ለሌላው ዕቃ መሆኑ ነው። ይህ እንዲሆን ደግሞ የታንኩ ሰውና የመሐንዲሱ ሰው አንድ ቦታ ቆመው ማውራት ነበረባቸው።

እግረኛውስ? እሱ ዝም ብሎ ያያል?

እንዲያውም ዋናው እሱ ነው። የ29ኛው ምክትል አዛዥ ጄኔራል ኖርማን ኮታ ስልቱን ከጦር ግንባሩ ጀርባ፣ እውነተኛ አጥር ባለበት ማሳ ላይ አስለመዱት። መፈክራቸው «አንድ ጓድ፣ አንድ ታንክ፣ አንድ ማሳ» የሚል ነበር። ጓድ ሲሉ 12 ያህል እግረኛ ነው።

ቅደም ተከተሉን በቅርብ እንየው። ታንኩ አፍንጫውን ካቡ ውስጥ ሰክቶ መድፉን በቅጠሉ መሐል ያሾልካል። መጀመሪያ የማዶውን ሁለት ማዕዘኖች ይመታል፤ መትረየሱ እዚያ ነው ያለው። ከዚያ የራሱን መትረየስ ከዳር እስከ ዳር በካቡ ላይ ያዘንባል። ጀርመኖቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። በዚህ ጊዜ 60 ሚሊ ሜትር ሞርታር ከካቡ ኋላ ያለውን ይቀጠቅጣል። እግረኛው ይህን ጫጫታ ተገን አድርጎ በሜዳው ይሻገራል። ካቡ ሥር ሲደርስ የእጅ ቦምብ ወደ ማዶ ይወረውራል። ታንኩ ወደ ኋላ ይላል፣ መሐንዲሶቹ ቀለሃውን ይሰካሉ፣ ይፈነዳል፣ ታንኩ ይገባል። ቀጣዩ ማሳ።

እንደ ሠርግ ቤት ወጥ ቤት ነው። እያንዳንዱ የት እንደሚቆም፣ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚንቀሳቀስ ያውቃል። አንዱ ከተደናበረ ሁሉም ይተራመሳል። ጁላይ 11 ቀን ክፍለ ጦሩ ይህን ስልት ይዞ ወደ ሴንት ሎ አጠቃ፤ ከሳምንት በኋላ፣ ጁላይ 18 ቀን፣ ከተማዋ ውስጥ ገባ። ያ ሳምንት ግን ቀላል ሳምንት አልነበረም። ስልቱ ሞትን ቀነሰ እንጂ አላስቀረም።

እግረኛና ታንክ አብረው መሥራት እንዴት አዲስ ነገር ይሆናል? አንድ ጦር አይደሉም?

አንድ ጦር ናቸው። ግን እንግሊዝ ውስጥ በአብዛኛው የሠለጠኑት ለየብቻ ነው። ለእግረኛ ክፍለ ጦሮች የሚሰጡት የታንክ ሻለቃዎች ደግሞ ዛሬ ከዚህኛው፣ ነገ ከዚያኛው ጋር የሚመደቡ ነበሩ። ስም ሳይለማመዱ ይለያያሉ። ውጤቱ መናናቅ ነው። እግረኛው «ታንኩ እሳት ይጠራብናል» ይላል። ታንከኛው «እግረኛው ጥሎን ይሸሻል» ይላል። ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው።

ከሁሉ የባሰው ግን መነጋገር አለመቻላቸው ነው። ሬድዮአቸው አይገናኝም። ታንክ ውስጥ አምስት ሰው አለ። ክዳኑ ሲዘጋ በጠባብ መመልከቻ ነው የሚያዩት፣ ሞተሩ ጆሮ ያደነቁራል። ውጭ ያለው እግረኛ መትረየሱ የት እንዳለ በዓይኑ ያያል። እንዴት ይንገራቸው? ታንኩ ላይ ወጥቶ ክዳኑን በጠመንጃ ሰደፍ ይደበድባል። በተኩስ መሐል፣ የአካባቢው ከፍተኛ ቦታ ላይ ቆሞ ማለት ነው። ብዙዎች እንዲህ ሲሉ ሞተዋል።

መፍትሔው ተራ ሆኖ ተገኘ። ስልክ። የጦር ሜዳ ስልክ በጥይት ሣጥን ውስጥ አድርገው ከታንኩ ኋላ አሰሩት። ሽቦውን ታንከኞቹ እርስ በርስ ከሚነጋገሩበት መስመር ጋር አገናኙት። እግረኛው ከብረቱ ጀርባ ተከልሎ እጀታውን አንሥቶ «በስተግራ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር» ይላል። ከውስጥ «እሺ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ማዕዘኑ ይመታል።

ይህን ስልክ ማን ፈለሰፈው? አንድ ሰው አልነበረም። በርካታ ክፍሎች በየፊናቸው ደረሱበት።

ታዋቂው የታንክ «ጥርስ» የማን ሐሳብ ነው?

እዚህ ጋ ታሪኩ ትንሽ ይጣፍጣል። 102ኛው የፈረሰኛ ቅኝት ክፍል ውስጥ (ስሙ ፈረሰኛ ይባል እንጂ የሚጋልበው ብረት ለበስ ነው) መኮንኖችና ተራ ወታደሮች ተሰብስበው ስለ አጥሩ ይወያያሉ። ሮበርትስ የሚባል አንድ የቴኔሲ ሰው «ለምን የመጋዝ ጥርስ አምጥተን ታንኩ ፊት ላይ ገጥመን አጥሩን አንቆርጠውም?» ይላል። ሳቁበት። የገጠር ሰው ነው፣ አነጋገሩም የገጠር ነው፤ መቼም ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም።

አንድ ሰው አልሳቀም። የኒው ጀርሲው ሳጅን ከርቲስ ኩሊን። ብረት ለቅሞ፣ አስበይዶ፣ ሞከረው።

ሐሳቡ የሠራው ሮበርትስ እንዳለው በመቁረጥ አይደለም። የተበየዱት የሾሉ ብረቶች አፈሩ ውስጥ ሲሰኩ የታንኩን አፍንጫ ወደ ታች ይይዙታል። መንጠልጠል የለም። ሞተሩ መግፋቱን ይቀጥላል፣ ካቡም ከነዛፉ ይናዳል። ሆዱ አይጋለጥም፣ መድፉም ሰማይ አያይም። ወታደሮቹ እንዲህ የተገጠመለትን ታንክ «አውራሪስ» አሉት። አሪፍ ስም ነው፣ ይገባዋል።

ስለዚህ ፈጣሪው ኩሊን ነው ማለት ይቻላል?

የአንደኛው ጥርስ፣ አዎ። ግን ብቻውን አልነበረም። 79ኛው ክፍለ ጦር በጁላይ መጀመሪያ የራሱን መቁረጫ ሠርቶ ነበር። በ747ኛው የታንክ ሻለቃ ሌተናንት ቻርልስ ግሪን የተባለ መኮንን ከተነቀለ የባቡር ሐዲድ ሌላ ዓይነት አበጀ። «የሰላጣ ሹካ» የተባለም ነበር። በአንድ ወር ውስጥ፣ በማይገናኙ ክፍሎች፣ ለአንድ ችግር ተቀራራቢ መልስ ተገኘ።

ይህ ለእኔ ከሊቅ ታሪክ ይበልጣል። የበየዱት ሰዎች እቤታቸው ሳሉ ትራክተር ይነዱ፣ ጋራዥ ይውሉ የነበሩ ናቸው። እጃቸው ብረት ያውቃል። ሠራዊቱ መካኒክና ገበሬ ሞልቶት ነበር። ጥያቄው እነሱን የሚሰማ ጆሮ መኖሩ ነው።

አንድ ሳጅን የሠራው ነገር እንዴት ሙሉ ጦሩ ጋ ደረሰ?

በፍጥነት። የኮሩ (ኮር ማለት የበርካታ ክፍለ ጦሮች ስብስብ ነው) አዛዥ ጄኔራል ሊዮናርድ ጌሮው ስለ ጉዳዩ ለአለቃቸው ለጄኔራል ኦማር ብራድሊ ነገሩ። ብራድሊ የ1ኛው ጦር አዛዥ ናቸው። ጁላይ 14 ቀን መጥተው በዓይናቸው አዩ። ታንኩ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ወደ አጥሩ ሮጠ፣ የአፈር ናዳ ተሸክሞ በማዶ ወጣ።

ብራድሊ ኮሚቴ አላቋቋሙም። ጥናት ይቅረብልኝም አላሉም። የጦር መሣሪያና ጥገና ኃላፊያቸውን ኮሎኔል ጆን ሜዳሪስን ጠርተው በብዛት ይሠራ አሉ። ከዚያ ቀን እስከ ጁላይ 25 ድረስ፣ በ11 ቀን ገደማ፣ ከ500 በላይ ተሠራ። የጀርመንን መስመር ለመስበር የታቀደው ዘመቻ ሲጀመር ከአምስት የ1ኛው ጦር ታንኮች በሦስቱ ላይ ጥርስ ነበር። በያጅና የብየዳ ዕቃ ከእንግሊዝ ሳይቀር አስመጥተዋል። ሌሊትና ቀን ነው የተበየደው።

በነገራችን ላይ ሜዳሪስን አትርሱ። እኚሁ ሰው በኋላ ጄኔራል ሆነው የአሜሪካ ጦር የሚሳይል ድርጅትን መርተዋል። በጃንዋሪ 1958 የአሜሪካን የመጀመሪያ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1ን ያመጠቀው የእሳቸው ቡድን ነው። ከአጥር እስከ ጠፈር!

ያን ሁሉ ብረት ከየት አመጡት?

ከጠላት። ጀርመኖች ወራሪው እንዳይወርድ ባሕሩ ዳር ላይ የብረት መሰናክል ተክለው ነበር። ወፍራም፣ ጥሩ ብረት። በጁን የአሜሪካን ጀልባ ሊዘነጥል የቆመው ብረት በጁላይ ተቆርጦ የአሜሪካን ታንክ ጥርስ ሆነ።

መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርመውም። በርሜል ምጣድ ሲሆን፣ ጎማ ጫማ ሲሆን፣ የመኪና ሞላ ቢላዋ ሲሆን አድገናል። ወደቡ ገና፣ መንገዱ ጠባብ፣ ከአሜሪካ የሚመጣ ትእዛዝ ወራት የሚፈጅ ሲሆን ሁሉም ሠራዊት ምናለሽ ተራ ይገባል።

ጥርሱን ወዲያው ተጠቀሙበት?

አይ። ብራድሊ ከዘመቻው በፊት እንዳይታይ ከለከሉ። ጀርመኖች አይተው ዘዴ እንዳያበጁበት ነው። የሚሠራ ነገር በእጅህ ይዘህ፣ ሰው በየቀኑ እየሞተ፣ «ቆይ» ማለት ከባድ ውሳኔ ነው። በእነሱ ቦታ ሆኜ የትኛውን እንደምመርጥ እርግጠኛ አይደለሁም።

አየር ኃይሉስ ምን አደረገ?

እዚያም አጥር ነበር፤ በመሥሪያ ቤት መካከል ያለ አጥር። ጄኔራል ኤልዉድ ኬሳዳ (ሰዉ «ፒት» ይላቸዋል) ምድር ጦሩን የሚደግፉት ተዋጊ አውሮፕላኖች አዛዥ ነበሩ። ፓይለቱ ከላይ የትኛው ታንክ የማን እንደሆነ አይለይም። ታንከኛው ደግሞ ፓይለቱን የሚያናግርበት ሬድዮ የለውም።

ኬሳዳ ከብራድሊ ጋር ተስማሙ። የአውሮፕላን ሬድዮ ከፊት በሚሄደው ታንክ ውስጥ ተገጠመ። አጠገቡም እውነተኛ ፓይለት ተቀመጠ። ፓይለት በታንክ! ግን ሌላ ፓይለትን በራሱ ቋንቋ የሚያናግረው ፓይለት ነው። ከላይ ያለው «በመንገዱ በቀኝ» ሲባል ከሰማይ እንዴት እንደሚታይ ታንክ ውስጥ ያለው ያውቀዋል። ፒ-47 አውሮፕላኖች በየተራ እየመጡ ከታንኩ ሰልፍ በላይ ይዞሩ ነበር።

በመጨረሻ ጦርነቱን የቀየረው ጥርሱ ነው?

ፊልም ቢሆን አዎ እል ነበር። በእውነቱ አይደለም፣ ወይም ብቻውን አይደለም።

ዘመቻው «ኮብራ» ይባላል። ዝናብ አዘገየው፤ የዚያ ዓመት የኖርማንዲ ጁላይ ሐምሌያችንን ያስንቅ ነበር። ጁላይ 25 ቀን 1,500 ያህል ከባድ ቦምብ ጣዮች በጠባብ ቦታ ላይ ከ3,000 ቶን በላይ ቦምብ ጣሉ። ፊት ለፊት የነበረው የጀርመን ክፍለ ጦር ተደመሰሰ ማለት ይቻላል። ከቦምቡ ከፊሉ ግን በራሳቸው ሰዎች ላይ ወረደ። በዚያ ቀን ብቻ 111 አሜሪካውያን ሞቱ፣ 490 ቆሰሉ። ከሟቾቹ አንዱ ሌተናል ጄኔራል ሌስሊ ማክኔር ነበሩ። ከዚያ ታንኮቹ ሾልከው ወጡ፣ በጁላይ መጨረሻ አቭራንሽ ደረሱ። አጥሩ ከኋላቸው ቀረ።

ጥርሱ በዚህ ውስጥ ምን ያህል ድርሻ ነበረው? ታሪክ ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። መስመሩ ከተሰበረ በኋላ ታንኮቹ በአብዛኛው የሄዱት በመንገድ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን መንገዱ ሲዘጋ በማሳው ዞሮ ማለፍ መቻል ለአንድ ታንክ አዛዥ ቀላል ነገር አይደለም። ቀደም ብሎ፣ ከጁላይ መጀመሪያ አንሥቶ በነበረው ውጊያ፣ አንዱ ኮር በ12 ቀን 11 ኪሎ ሜትር ያህል ለመሄድ ከ10,000 በላይ ሰው በሞትና በመቁሰል አጥቷል። ከዚያ ጋር አወዳድሩት። እኔ እንደማየው፣ ከጥርሱ ይልቅ ስልኩና «አንድ ጓድ፣ አንድ ታንክ» የሚለው ልምምድ ብዙ ሰው አድኗል። ግን ስልክ ፎቶ ላይ አያምርም። አውራሪስ ነው የሚያምረው።

ይህ ለእኛ ሲቪሎች መሥሪያ ቤት ይሠራል?

አንድ ጊዜ የሠራሁበት ቦታ የሐሳብ መስጫ ሣጥን ነበረው። መግቢያው ላይ፣ በቁልፍ የተዘጋ። ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሣጥኑ ሞልቶ ወረቀቱ በቀዳዳው ይታይ ነበር። ከዚህ በላይ አልልም።

መኮንኖቹ ግን በተራ ወታደር ሐሳብ አልተከፉም?

የተከፉም ይኖራሉ፤ ሰው ናቸው። ግን ሁኔታው ለኩራት ጊዜ አይሰጥም ነበር። ሌላም ምክንያት አለ። የአሜሪካ ጦር መመሪያ መጽሐፍ ስለዚህ አጥር የሚለው ነገር አልነበረውም። ከፍተኛው መኮንንም ዝቅተኛው ወታደርም እኩል ጀማሪ ነበሩ። መጽሐፉ ዝም ሲል ሁሉም ይናገራል። መጽሐፉ መልስ አለኝ በሚልበት ቦታ ቢሆን ሮበርትስን ማን ያዳምጠው ነበር?

ኩሊንና ሮበርትስ በኋላ ምን ሆኑ?

ኩሊን ሌጅን ኦፍ ሜሪት የተባለውን ሜዳልያ ተሸለመ። የአሜሪካና የአጋሮቿ ጦር የበላይ አዛዥ የነበሩት አይዘንሃወር ከጦርነቱ በኋላም ስሙን እያነሡ አሞግሰውታል። እሱ ግን ከኖርማንዲው ክረምት ጥቂት ወራት በኋላ፣ ጀርመን ድንበር ላይ ባለው በሁርትገን ጫካ ውጊያ አንድ እግሩን አጣ።

ሮበርትስ ታሪኩ ውስጥ የሚገባው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ይናገራል፣ ይሳቅበታል፣ ከዚያ ወዲያ የለም። ሐሳቡ የእሱ እንደነበር ኩሊን ለመናገር ሞክሯል። ጋዜጦቹ ግን አንድ ስም ይበቃቸው ነበር።